ለ«አንድ በር ለሁሉም ሥራ» የተሰጠ ምላሽ፦ የማይለጠጠውን ሳይለዩ በር መለጠጥ

ሰሞኑን «አንድ በር ለሁሉም ሥራ» በሚል ርዕስ የቀረበ፣ ሬቪት በተባለው የሕንፃ መንደፊያ ሶፍትዌር መጠኑ የሚስተካከል የበር ፋሚሊ (ደጋግሞ ሥዕል ውስጥ የሚገባ የበር ሞዴል ፋይል) አሠራርን የሚያስተምር ጽሑፍ አንብቤያለሁ። የጽሑፉ ፍሬ ሐሳብ ባጭሩ፣ አንድ የሥነ ሕንፃ ቢሮ ብዙ የበር ፋይል ከሚያጠራቅም አንድ በር ብቻ ሠርቶ ስፋቱን፣ ቁመቱን፣ የመቃኑን ውፍረት፣ የመዝጊያውን ዓይነትና የሚከፈትበትን አቅጣጫ እንደ ልብ እንዲቀያየር ቢያደርገው፣ ከዚያ ወዲያ ስለ በር ዳግም ማሰብ አያስፈልገውም የሚል ነው። ጸሐፊው ለዚህ ሰባት ምክሮች ሰጥተዋል። ከኢንተርኔት የወረደ፣ የሠሪው ሐሳብ የማይታወቅ በር ሥዕል ውስጥ ከመክተት ራስ ሠርቶ መልመድ ይሻላል ባሉት ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ምክሮቹን ግን አንዱን ጀማሪ ባለሙያችንን እንዲከተላቸው ባደረግሁ ጊዜ፣ ተሠርቶ የመጣው በር ሁሉም ነገሩ የሚነቃነቅ፣ አንድም የሚታመን ልክ የሌለው ሆኖ አገኘሁት። ስለዚህ ጸሐፊው ባስቀመጡት ቅደም ተከተል መሠረት አስተያየቴን አቀርባለሁ።

የመጀመሪያው ምክር በሩን መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ሥሎ መጨረስ፣ ልኮቹን ደግሞ በኋላ ማሰር ነው። ይህ ለዓይን የሚያስደስት፣ ለሥራ ግን የሚያስቸግር መንገድ ነው። ሬቪት ለበር ባዘጋጀው መነሻ ፋይል ውስጥ ግድግዳው፣ የግድግዳው ክፍተትና የክፍተቱን ግራና ቀኝ የሚወስኑት ሪፈረንስ ፕሌኖች (ልክ የሚታሰርባቸው መመሪያ ገጾች) ቀድመው ተሠርተው የሚገኙት ያለ ምክንያት አይደለም። አጥንቱ እነዚህ ፕሌኖች ናቸው። ልኩ የሚታሰረው በፕሌኖቹ መካከል ሲሆን፣ መቃኑም ጉበኑም መዝጊያውም ፕሌኖቹ ላይ ይቆለፋሉ እንጂ እርስ በርሳቸው አይያያዙም። የእኛ ባለሙያ ምክሩን ተከትሎ መቃኑን፣ መዝጊያውንና እጀታውን በጥንቃቄ ከሣለ በኋላ ልኩን በመዝጊያው ጠርዝና በመቃኑ ጠርዝ መካከል አሰረ። ስፋቱን ከ900 ወደ 1200 ሚሊሜትር በለወጠበት ቅጽበት የቀኙ መቃን ሄደ፣ መዝጊያው ባለበት ቀረ፣ እጀታውም አየር ላይ ተንጠለጠለ። ወደ 700 ዝቅ ሊያደርገው ሲሞክር ደግሞ ሶፍትዌሩ የታሰሩት ልኮች ሊሟሉ እንደማይችሉ የሚገልጽ መልእክት አውጥቶ ለውጡን አልቀበልም አለ። ሦስት ሰዓት የፈጀ ሥዕል ተሰርዞ እንደገና መጀመር ግድ ሆነ።

በዚሁ ነጥብ ላይ ጸሐፊው ያልጠቀሱት፣ እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሜ የማስተምረው ነገር አለ። እያንዳንዱ ልክ በታሰረ ቁጥር፣ ሌላ ነገር ከመጨመሩ በፊት፣ በሩ በትንሹም በትልቁም መጠን መፈተሽ አለበት፤ 700፣ 900፣ 1200 እያሉ መዘርጋትና መሰብሰብ ማለት ነው። መሐለኛው ፕሌን ከግራውና ከቀኙ እኩል እንዲርቅ ካልታሰረ፣ ባዶ ክፍተቱ ብቻ እያለ አንድ ጊዜ ሲዘረጋ ወደ አንድ ወገን ብቻ ማደጉ ወዲያው ይታያል። ይኸው ስሕተት እጀታው፣ መስታወቱና ማጠፊያው ሁሉ ከገቡ በኋላ ቢገኝ ምንጩን መፈለግ ግማሽ ቀን ይወስዳል።

ሁለተኛው ምክር የበሩ ስፋት አንድ ፓራሜትር (ስም ያለው፣ እየተቀያየረ የሚሞላ መረጃ) ይሁን የሚል ነው። ይህን ምላሽ እንድጽፍ በዋነኛነት ያነሣሣኝም እርሱ ነው። አማርኛችን በርንና መዝጊያን ለይቶ ይጠራል። በር መግቢያው ነው፤ መዝጊያው ደግሞ በመግቢያው ላይ የሚንቀሳቀሰው ሳንቃ ነው። ሶፍትዌሩ ይዞ የሚመጣው «ስፋት» የሚል ልክ ግን የምን ስፋት እንደሆነ የሚወስነው ፋሚሊውን የሚሠራው ሰው ነው። ሕንፃው ላይ ቢያንስ ሦስት ስፋቶች አሉ፤ ግንበኛው በብሎኬቱ መካከል የሚተወው ክፍተት፣ ወርክሾፑ የሚሠራው መዝጊያ፣ መዝጊያው ተከፍቶ ሳለ ሰው በእርግጥ የሚያልፍበት ጥርት ያለ መተላለፊያ። ሦስቱን የሚያነቡት ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው።

በቁጥር እንየው። ግንበኛው 1000 ሚሊሜትር ክፍተት ይተዋል እንበል። በያንዳንዱ ወገን 10 ሚሊሜትር ለመግጠሚያ ክፍተትና 40 ሚሊሜትር ለመቃኑ ሲቀነስ በመቃኖቹ መካከል 900 ይቀራል። መዝጊያው እንዳይነክስ በግራና በቀኝ ሦስት ሦስት ሚሊሜትር ይተውለታል፤ ስለዚህ ስፋቱ 894 ይሆናል። መዝጊያው 90 ዲግሪ ሲከፈት የራሱ ውፍረት፣ 40 ሚሊሜትር፣ መተላለፊያው ውስጥ ይቆማል፤ በማጠፊያው በኩል የተተወችው 3 ሚሊሜትርም ትቀነሳለች፤ በቁልፉ በኩል ደግሞ መዝጊያው ሲዘጋ የሚያርፍበት የመቃኑ ከንፈር 15 ሚሊሜትር ይወስዳል። ለአላፊው የሚተርፈው 842 ሚሊሜትር ነው። አንድ ሺህ ብለን የጀመርነው በር ማለት ነው። የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ተደራሽነት ደረጃ የ2010 እትም የሚጠይቀው ዝቅተኛ የጠራ መተላለፊያ 815 ሚሊሜትር ሲሆን፣ የሚለካውም ልክ እንደዚህ፣ መዝጊያው 90 ዲግሪ ተከፍቶ ከመዝጊያው ፊት እስከ ተቃራኒው ከንፈር ድረስ ነው። አሁን አንድ ሰው ቦታ ጠቦት ክፍተቱን ከ1000 ወደ 950 ዝቅ ቢያደርግ፣ ጥርቱ 792 ሆኖ ከደረጃው በታች ይወርዳል። በጸሐፊው በር ላይ ይህ ሁሉ ሲሆን ምንም ምልክት አይታይም፤ አንድ ቁጥር በሌላ ቁጥር ከመተካቱ በቀር የሚለወጥ ነገር የለም። ሦስቱ ስፋቶች ተለይተው በፎርሙላ ቢያያዙ ግን፣ ጥርቱ ራሱ ተሰልቶ በስኬጁሉ (በበሮቹ ዝርዝር ሠንጠረዥ) ላይ በራሱ ዓምድ ስለሚወጣ ስሕተቱ ሥዕሉ ከቢሮ ሳይወጣ ይያዛል።

ይህን የምለው በራሴ ላይ ከደረሰ ነገር ተነሥቼ ጭምር ነው። በአንድ የመኖሪያ ሕንፃ ሥራችን ላይ ፋሚሊው አንድ ስፋት ብቻ ነበረው፤ በስኬጁሉም «1000» ተብሎ ወጣ። ግንበኛው በብሎኬት መካከል 1000 ተወ። ለሣኙ የክፍተቱን ጎኖች ጭምር በሁለት ሁለት ሴንቲሜትር ለሰናቸውና ክፍተቱ 960 ሆነ። ወርክሾፑ ግን የመቃኑን የውጭ ልክ በሥዕሉ መሠረት 980 አድርጎ አስቀድሞ ሠርቶ ነበር። መቃኖቹ መጥተው አልገቡም፤ የደረቀ ልስን በመሮ መጠረብ ተጀመረ። ግንበኛውም፣ ለሣኙም፣ ወርክሾፑም በየፊናቸው ያነበቡት ትክክል ነበር፤ ጥፋቱ ያ ቁጥር የምን ቁጥር እንደሆነ ያልተናገረው የእኛ በር ነበር።

ሦስተኛው ምክር ሁሉም ልክ በኢንስታንስ ደረጃ ይሁን፣ ማለትም እያንዳንዱ በር ከሌላው ተለይቶ በቦታው ላይ ይለጠጥ ይላል። ለማያውቁ አንባቢዎች ልዩነቱን ላስረዳ። የታይፕ ልክ ሲለወጥ በሕንፃው ውስጥ ያሉት የዚያ ዓይነት በሮች ሁሉ አብረው ይለወጣሉ፤ የኢንስታንስ ልክ ሲለወጥ የተነካው አንዱ በር ብቻ ይለወጣል። ጸሐፊው ሁለተኛውን የመረጡት ነፃነት ይሰጣል በማለት ነው። ነፃነቱ የማይካድ ቢሆንም፣ አርባ በር ያለው ፎቅ ላይ ይህ ነፃነት ያለው ማን ነው? በመዳፊት ሲጎትት እጁ የሳተ ሁሉ አለው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ስኬጁሉ ሲወጣ አንዱ በር 903፣ ሌላው 897፣ ሦስተኛው 900 ሆኖ ይገኛል፤ በፕላን ላይ ሲታዩ ሦስቱም አንድ ናቸው፣ ለዋጋ ማቅረቢያ ሲዘረዘሩ ግን ሦስት የተለያዩ በሮች ይሆናሉ። ስፋትና ቁመት የሚገዙ፣ የሚቆረጡና የሚቆጠሩ ልኮች ስለሆኑ ቦታቸው ታይፕ ነው። መጠኖቹ ብዙ ከሆኑም ሁሉንም በአንድ የጽሑፍ ፋይል ዘርዝሮ ከፋሚሊው ጎን ማስቀመጥ ይቻላል፤ ተጠቃሚው በሩን ሲያስገባ ከዝርዝሩ የሚፈልገውን ብቻ ይመርጣል፣ የቀሩት ፕሮጀክቱን አያጨናንቁም።

ይሁን እንጂ ጸሐፊው ሙሉ በሙሉ ተሳስተዋል አልልም። በዕድሜ የገፋ የጭቃ ቤት ሲታደስ ሁለት እኩል ክፍተት ማግኘት ብርቅ ነው፤ በእንዲህ ያለ ሥራ እያንዳንዱ በር የየራሱ ልክ ቢኖረው ተገቢ ነው። በአዲስ ሥራም ቢሆን የመቃኑ ጥልቀት ከግድግዳው ጋር ሊሄድ ይገባል። በአገራችን ብሎኬት 10፣ 15 እና 20 ሴንቲሜትር ስለሆነ፣ ከነልስኑ ሦስት የተለያየ ውፍረት ያለው ግድግዳ በአንድ ፎቅ ላይ ሊገኝ ይችላል። የመቃኑ ሁለት ፊቶች በመነሻው ፋይል ላይ በግድግዳው ሁለት ፊቶች ላይ ቢቆለፉ፣ በሩ በየትኛውም ግድግዳ ሲገባ መቃኑ ራሱ ይመጥናል፤ ማንም ቁጥር መጻፍ አያስፈልገውም።

አራተኛው ምክር የጽሑፉን ርዕስ የወለደው ነው። የእንጨት፣ የመስታወት፣ ባለ ሁለት ተካፋችና ተንሸራታች በር ሁሉ በአንድ ፋይል ውስጥ ይሣሉና የማይፈለገው በማሳያ ምልክት ይደበቅ ይላል። የተደበቀ ነገር የጠፋ ነገር አይደለም። ከነመስመሩና ከነፎርሙላው ፋይሉ ውስጥ አለ፤ በሩ በተለወጠ ቁጥር አብሮ ይሰላል፤ የተደበቀው መዝጊያ የማይችለው ልክ ሲመጣም የማይታይ ነገር የሚታየውን በር ያበላሽበታል። ከዚህም በላይ፣ ግድግዳን ወይም መዝጊያን የሚቆርጠው ባዶ ቅርጽ በማሳያ ምልክት የሚጠፋ አይደለም። የመስታወቱን በር የእንጨት ለማድረግ መስታወቱን ቢደብቁት፣ ለመስታወቱ የተቆረጠው ቀዳዳ ባለበት ይቀራል። እኔ የምከተለው መንገድ መዝጊያውንና እጀታውን በየራሳቸው ፋሚሊ ሠርቶ በበሩ ውስጥ ማስገባትና የትኛው መዝጊያ እንደሚገባ በፓራሜትር መምረጥ ነው። ያኔ እጀታው በልኩ ይቆያል፤ መዝጊያው ሲሰፋ ቦታው ብቻ ይለወጣል። ተንሸራታች በርን ግን ከማጠፊያ በር ጋር በአንድ ፋይል ውስጥ ማኖር አያስፈልግም። መዝጊያው የሚሄደው በግድግዳው ጎን ነው፣ በፕላን ላይ ያለው ምልክቱም ሌላ ነው፤ ከማጠፊያ በር ጋር የሚጋራው እጀታውን ብቻ ነው፣ አንዳንዴ እርሱንም አይጋራም።

አምስተኛው ምክር የመክፈቻው ማዕዘን ነው። መዝጊያው በሦስት አውታር እይታ እንዲከፈት ማዕዘኑን በሪፈረንስ ፕሌን ላይ አስሮ፣ በፕላን የሚታየውም ቅስት ያንኑ ማዕዘን እንዲከተል ማድረግ ይመከራል ተብሏል። ፕሌን ጫፍ የለውም፤ ስለዚህ የሚዞርበት ነጥብ አይጸናም። ለማዕዘን የተሠራው፣ መነሻና መድረሻ ጫፍ ያለው ሪፈረንስ ላይን ነው፤ መነሻው በማጠፊያው ቦታ በሁለት ፕሌኖች ላይ ሲቆለፍ ብቻ መዝጊያው ቦታውን ሳይለቅ ይዞራል። የፕላኑ ቅስት ደግሞ ከዚህ መለየት አለበት። አንድ ሰው ለምስል ሲል መዝጊያውን 30 ዲግሪ ከፍቶ ቢተወው፣ በፕላኑም ላይ 30 ዲግሪ ብቻ የተከፈተ በር ቢወጣ፣ ከበሩ ኋላ ያለው የመታጠቢያ ገንዳ በእርግጥ ይነካ አይነካ ማወቅ አይቻልም። የመዝጊያውን ቅርጽ በፕላን እንዳይታይ አድርጎ፣ ቅስቱን ሁልጊዜ 90 ዲግሪ በሚያሳዩ ምልክታዊ መስመሮች መሣል ይህን ሁሉ ያስቀራል።

ስድስተኛው ነጥብ ስኬችአፕን፣ ሌላውን የሦስት አውታር መሣያ ሶፍትዌር፣ ይመለከታል። ጸሐፊው ስኬችአፕ ለሚጠቀሙ ሰዎች በሩን በስኬል መሣሪያው መለጠጥ በቂ ነው ብለው አልፈውታል። ለአንድ ቀን ምስል ከሆነ እኔም እለጥጠዋለሁ። ነገር ግን 900 ስፋት ያለው በር ወደ 1200 ሲለጠጥ 50 ሚሊሜትር የነበረው መቃን 67 ገደማ ይሆናል፤ ክብ የነበረው የቁልፍ ማዞሪያም እንቁላል ይመስላል። ይህን ለመፍታት ነበር ዳይናሚክ ኮምፖነንት የተባለው አሠራር በ2008 ከስኬችአፕ 7 ጋር የመጣው። በእርሱ የግራው መቃን ስፋት 5 ሴንቲሜትር ተብሎ ይጸናል፤ የቀኙ መቃን ቦታ የጠቅላላው ስፋት ሲቀነስ 5 ተብሎ ይጻፋል፤ የመዝጊያው ስፋት ደግሞ ጠቅላላው ሲቀነስ 10 ይሆናል። ከዚያ በኋላ በሩን በዚያው በስኬል መሣሪያ ቢጎትቱት እንኳ መቃኑ አይወፍርም። መዝጊያው በጣት ሲነካ እንዲከፈት ከተፈለገ የራሱ መነሻ አክሲስ (የሚዞርበት ነጥብ) በማጠፊያው ጥግ ላይ መቀመጥ አለበት። ይህን የረሳ ሰው በሩ እንደ ሆቴል መግቢያ በመሐሉ ሲሽከረከር ያገኘዋል። ጸሐፊው ያላነሡት ሌላ ችግርም አለ፦ ስኬችአፕ ውስጥ ክፍተት የሚቆርጥ ኮምፖነንት የሚቆርጠው የተለጠፈበትን አንድ ፊት ብቻ ነው። ግድግዳ ሁለት ፊት ስላለው፣ በስተኋላ ያለው ፊት ካልተቆረጠ የተከፈተው በር ወደ ግድግዳ ይከፈታል።

ሰባተኛውና የመጨረሻው ነጥብ የግራና የቀኝ ጉዳይ ነው። ጸሐፊው የመገልበጫ ቀስቶቹን በሩ ላይ ማኖር ጉዳዩን ይጨርሰዋል ይላሉ። በሥዕሉ ላይ ይጨርሰዋል፤ በስኬጁሉ ላይ ግን አይጨርሰውም። «የግራ በር» ተብሎ በታይፑ ላይ የተጻፈ ቃል፣ በሩ በቀስቱ ሲገለበጥ አብሮ አይገለበጥም። ቀስቶቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ማጠፊያውን ከግራ ወደ ቀኝ ያዞራል፣ ሌላው በሩን ከውስጥ ወደ ውጭ ያዞራል። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ሲነካ የግራው በር የቀኝ ይሆናል፤ ሁለቱም ሲነኩ ግን በሩ ዞሮ ቆመ እንጂ ያው የግራ በር ነው። ፕላኑን በዓይን እያዩ ይህን መቁጠር፣ ከሃያ በር በኋላ ማንንም ያሳስታል። እኛ የሁለቱን ቀስቶች ሁኔታ በዳይናሞ (በሬቪት ውስጥ በሚሠራው የፕሮግራም መጻፊያ) አንብበን፣ አንዱ ብቻ የተነካበትን በር ተቃራኒ ብሎ በኢንስታንስ ፓራሜትር ላይ የሚጽፍ አጭር ፕሮግራም ስኬጁሉ ከመውጣቱ በፊት እናስኬዳለን።

ይህ ከተደረገ በኋላም በስኬጁሉ ዓምድ አናት ላይ «ግራ» ከየት ቆሞ እንደታየ መጻፍ አለበት። በጀርመን ደረጃ መሠረት የሚታየው ማጠፊያው በሚታይበት፣ ማለትም በሩ በሚከፈትበት ወገን ተቆሞ ነው። በአሜሪካ ልማድ ደግሞ ከውጭ በኩል ተቆሞ ይታያል። ስለዚህ ወደ ውስጥ የሚከፈት፣ ከውጭ ሲያዩት ማጠፊያው በግራ የሆነ አንድ በር፣ ለአሜሪካዊው የግራ በር ሲሆን ለጀርመኑ የቀኝ በር ነው። ከሁለቱም አገር የመጣ ቁልፍ በሚሸጥበት ገበያ የሚገዛ ሰው፣ የሥዕሉ ግራ የማን ግራ እንደሆነ በጽሑፍ ካልተነገረው የሚጠይቀው ባለ ሱቁን ነው፤ ባለ ሱቁ ደግሞ ያለውን ይሸጥለታል።